የውሰት አክታ

አያልነሽን ያናደዳት ሳሉ አልነበረም። ሰው ሆኖ የማይስል የለም። ያናደዳት የጤና ጣቢያው ሐኪም እሷን ትቶ የልጅ ልጇን መጠየቁ ነው።

«እማማ አክታ አላቸው?» አለ፣ ፊቱን ወደ ሔርሜላ መልሶ።

እማማ እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን በሁለት ጉልበቷ መሃል አቁማ፣ ጀርባዋን ከወንበሩ ሳታስነካ። «አላቸው» መባሏ «አላት» ከመባል የባሰ ነበር። ሬሳ ተጋድሞ ዘመድ እንደሚጠየቀው፣ በአክብሮት ከነገሩ አስወጣት። ሔርሜላም ብትሆን አያቷን ዞር ብላ ሳታይ፣ ሳሉ ደረቅ እንደሆነ፣ ማታ ማታ እንደሚብስባት፣ ወር እንዳለፈው አንድ በአንድ ትዘረዝርለት ጀመር።

«አንተ ልጅ» አለችው አያልነሽ። «የምስለው እኔ ነኝ። እሷ ባንክ ነው የምትሠራው።»

ዶክተር ጉልላት ፈገግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውንም የጠየቀው ሔርሜላን ነበር።

አያልነሽ ስለ በሽታ የምትጠየቅ እንጂ የምትመረመር ሰው አልነበረችም። እዚህ ሶዶ፣ እነሱ ሰፈር፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ከጤና ጣቢያው በፊት የሚሄደው እሷ ደጅ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። አባቷ ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷ መንዝን በዓይኗ አይታ ባታውቅም «እኛ አገር» እያለች ነው የምትጠራው፣ አዋቂነቷንም ከዚያው የመጣ አድርጋ ነው የምታወራው። ሐኪሙንም ገና ከመቀመጧ አገሩን ጠይቃው ነበር፤ ጅማ ሲላት ግማሹን ተስፋዋን እዚያው ቆርጣለች።

የእሷ ምርመራ ብዙ ውጣ ውረድ የለውም። ቆላ ወርዶ ዲምቱ ለቅሶ ደርሶ የመጣ ሰው ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ከተንቀጠቀጠ ብርድ ነው። ፀሐይ ላይ በልቶ ራሱን ያመመው ምች መትቶታል፤ ዳማከሴ ይታሽለታል። ሆዱን የያዘ ሁሉ የጎረቤት ዓይን ወይም የጎረቤት ወጥ ነው። ታይፎይድን ብቻ ለላብራቶሪ ትታለች፤ እዚህ ከተማ ደሙን ሰጥቶ ያለ ታይፎይድ የወጣ ሰው አይታ ስለማታውቅ በዚያ ላይ መድከም አስፈላጊ መስሎ አልታያትም። ስትሳሳትም የሚሳሳተው በሽታው ነው። ባጃጅ የሚነዳውን ታምራትን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታው፣ በማግስቱ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባና ወባ ነው ሲባል፣ «ምቹ ወደ ወባ ተለወጠበት» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ታምራት ሲድን ሊያመሰግናት መጣ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሰው ነው ሔርሜላ ጎትታ ያመጣቻት። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሔርሜላ አፏን ሳትከፍት አያልነሽ ቀድማ «የለም» አለች። ነበር። ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከጊፋታ፣ ቀደም ብሎ ገበያው አጠገብ ያለ ክሊኒክ ገብታ ግፊት አለብሽ ተብላ ክኒን ተሰጥቷታል፤ በየቀኑ ትውጣለች። ለሔርሜላ ግን አልነገረቻትም። ብትነግራት ጨው ትከለክላታለች፤ ያለ ጨው ከመኖር ደግሞ ግፊቱ ይሻላል። በዚያ ላይ ግፊት በእሷ ቤት በሽታ አይደለም፤ የንዴት ብዛት ነው፤ እሷን የሚያናድዱ ሰዎች ታክመው ቢመጡ የሚቀር ነገር ነው።

ሐኪሙ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጣት። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ከደረት ተስቦ የሚወጣ አክታ፣ አለ። ቲቢ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ቲቢ የሚለውን ቃል ዝግ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እሷ ግን ሰማች፤ የሰማችው ስድብ ነው። ቲቢ በእሷ አስተሳሰብ የሚበላው ያጣ ሰው፣ ተጨናንቆ የሚያድር ሰው በሽታ ነበር። እሷ በራሷ ግቢ፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ አልጋ ነው የምታድረው።

በማግስቱ ጠዋት ሳለች፣ ሳለች፣ ዓይኗ እስኪቀላ ሳለች፤ ደረቷ አንዲት ጠብታ እንኳ አልሰጣትም። ስለዚህ አፏን በደንብ ተጉመጥምጣ፣ ጥርሷን ፍቃ፣ ንጹሑን ምራቋን ሞልታ ላከች። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናዝራዊት ይህ ምራቅ ነው፣ አክታ ይምጣ ብላ በትሕትና መለሰችው።

ተመለሰ። አያልነሽ በዕድሜዋ ከቤቷ የላከችው ነገር ተመልሶባት አያውቅም። ለሠርግ የላከችው ጠላ፣ ለአራስ የላከችው ገንፎ፣ ሁሉም ተበልቶ ተጠጥቶ ዕቃው ብቻ ነው የሚመለሰው። አሁን አንዲት ልጅ እግር ምራቅሽ አይበቃም አለቻት። ሔርሜላ ነገ እንደገና እንሞክራለን አለቻት። አያልነሽ ነገ ባዶ እጇን እንደማትሄድ ቆርጣለች።

በአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ ፈጠነች ናት። የወላይታ ልጅ ናት፤ ኃምሳውን አልፋለች፤ ዳጣ እየፈጨች ለክትፎ ቤቶች በማስረከብ ትኖራለች። ሚጥሚጣውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን ድንጋይ ላይ ስትደቁስ የሰፈሩ አፍንጫ ሁሉ ያነጥሳል። ሴት ልጇ አረካ ከተማ ሥራ ይዛ ሕፃን ልጇን እሷ ላይ ትታለች፤ በእምነት ይባላል፣ ገና ዳዴ የሚል ነው፤ ፈጠነች እሱን አዝላ ነው የምትፈጨው። እሷም ትስላለች፤ ከክረምቱ ጀምሮ። ግን ማንም እንደ ሳል አልቆጠረላትም፤ አያልነሽ ራሷ «የበርበሬ ሳል ነው» ብላ ፈርዳበታለች። ቀሚሷ ሰፍቷት በገመድ ብትታጠቅም፣ ሌሊት ላብ ቢያጠምቃትም፣ የሥራ ብዛት ነው ተብሏል። ፈራጇ ያው አንዷ ናት።

ሁለቱ የማይዋዋሱት ነገር የለም። ወንፊት፣ ጨው፣ ፍም፣ ወንበር ይዋዋሳሉ። ለቅሶ ላይ ደረቅ ዓይን የያዛትን እንኳ አንዷ ለሌላዋ አልቅሳላት ታውቃለች። ስለዚህ አያልነሽ በማለዳ አጥሩ ጥግ ቆማ ዕቃዋን ስታሳይ የሚያስገርም ነገር ያደረገች አልመሰላትም።

«ፈጠነች፣ አክታ አለሽ?»

ፈጠነች ወንፊት የተጠየቀችውን ያህል እንኳ አልደነቃትም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዕቃዋን ተቀበለች።

«ምን ያህል ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ?»

«ይቺን አጋምሽልኝ። የእኔ ደረቅ ነው ብለው ሊያዋርዱኝ ነው።»

«ለእኔማ በየጠዋቱ የሚደፋ ነው» አለች ፈጠነች፤ በእምነትን ከጀርባዋ አስተካክላ ዞር ብላ እንደ ልቧ ሳለች። ዕቃዋን ከመስጠቷ በፊት ክዳኗን አጥብቃ ዘጋችላት። ሰጪም ተቀባይም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ውጤቱ በስልክ መጣ፤ የተደወለው ለሔርሜላ ነው። ሔርሜላ ባንክ ቤት ከወንበሯ ተነሥታ እያለቀሰች መጣች። አያቷን አቅፋ ትስማት እንደሆነ፣ ወይስ ትሸሻት እንደሆነ ሳትወስን በሩ ላይ ቆመች። ቲቢ ተገኝቷል፣ አለች።

አያልነሽ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። ቀጥሎ ነገሩ ገባት። አክታው የማን እንደሆነ ከሰጪዋ ሌላ የምታውቅ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት፤ ሰጪዋ ፈጠነች ደግሞ ለምን እንደተፈለገ አላወቀችም። ያን ጊዜ «የእኔ አይደለም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን «የእኔ አይደለም» ማለት አክታ ለመንኩ ማለት ነው፤ አክታ ለመንኩ ማለት ምራቄ ተመለሰብኝ ማለት ነው፤ ደግሞም ያቺ የበርበሬ ሳል ብላ የፈረደችበት ሳል ምን እንደነበረ ሰፈሩ ሊሰማ ነው። እነዚህን ሁሉ ቃላት በአንድ ቀን ለማውጣት አፏ አልሰፋም። ዝም አለች። ሔርሜላ ዝምታዋን ድንጋጤ ብላ ተረጎመችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። በቲቢ ክፍል ሚዛን ላይ አወጧት፤ በክብደቷ ልክ ክኒን ቆጠሩላት፤ ሕክምናው ስድስት ወር ነው፣ አንድ ቀን አይዘለልም፣ አሏት። የመጀመሪያውን ፊታቸው አስዋጧት፤ የቀረውን ቤት እንድታስውጣት ለሔርሜላ ሰጧት። አያልነሽም የፈጠነችን ክኒን ለፈጠነች ብላ ዋጠች፤ እንዲህ ያለ ውለታ የዋለ ጎረቤት ካለ ይምጣ። ነርሷ ስለ ክኒኑ የሚታወቀውን ሁሉ ለሔርሜላ አስረዳቻት፤ አያልነሽ እንደገና ለልጅ ልጇ ሲነገር ስታይ ተቀይማ በመስኮቱ ወደ ዳሞታ ትመለከት ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል አልሰማችም። በማግስቱ ሽንቷ ቀልቶ ስታየው ቀይ ሥር በልቼ ነው ብላ ለራሷ መረመረች። እውነትም በልታ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽኗም ቤቷ መጣች። መስኮት ክፈቱ አለች፣ እነማን አብረው እንደሚኖሩ ጠየቀች፣ ሔርሜላ ትመርመር አለች፣ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን አለ ወይ አለች። ሔርሜላ የለም ስትል፣ እሰይ አለች፤ ትንንሾቹ ላይ ቶሎ ይበረታል፣ አንዳንዴም አንጎላቸው ድረስ ይደርሳል። አያልነሽ ይችን ግን ሰማች። የሰማችውን ወደ ሌላ ጆሮ ልታሳልፈው ሞከረች።

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ፀዳለ፣ በዕድሩ ውስጥ ከአያልነሽ ጎን ካልተቀመጠች የማይሆንላት ፀዳለ፣ አሁን ከመንገድ ማዶ ሆና ነው ሰላም የምትላት፤ ነጠላዋንም እስከ አፍንጫዋ ስባ። ለቅሶ ቤት ለአያልነሽ ብቻዋን ብርጭቆ ተለየላት። በአክብሮት ነው የተለየው፤ ሳህን ተከድኖበት።

አያልነሽ ግን ዕቅድ ነበራት። በሽታው ውሰት ከሆነ መድኃኒቱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ሔርሜላ ጠዋት ከበር ላይ ሆና «ዋጥሽ?» ትላለች፤ አያልነሽ «ዋጥኩ» ትላለች፤ ሔርሜላ ወደ ባንክ፣ ክኒኑ ወደ አጥሩ ማዶ። ለፈጠነች ለበርበሬ ሳል የመጣ አዲስ ክኒን ነው አለቻት። ፈጠነች የሰፈሩን ወሬ ሰምታለች፤ የእሷ ሳል ግን የበርበሬ ነው ተብሎ ስለተፈረደ ከሰጠችው አክታ ጋር አላያያዘችውም። ፈጠነች እትዬ አያልነሽ ለራሷ ያልዋጠችውን ሰጠችኝ ብላ ልቧ ተነክቶ እያንዳንዷን ፍሬ በምስጋና ዋጠች።

ምስጋናው ሳምንት አልሞላም። አንድ ጠዋት ፈጠነች አጥሩ ጋ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሽንቷ ደም ሆኗል። ያ ክኒን ውስጧን እየበጠሰው ነው፣ የተረፈውን ሽንት ቤት ጨምሬዋለሁ አለች። ቀይ ሥር በልተሽ ነው እንዳትላት ፈጠነች ቀይ ሥር አልበላችም፤ በዕድሜዋ በልታ አታውቅም። አያልነሽ ምክንያቱን ብታውቅ ነግራት ነበር፤ የተነገረው ግን ለሔርሜላ ነው፣ እሷ ያን ጊዜ ተራራ እያየች ነበር።

በእምነት በዚያው ሰዓት ከፈጠነች ጀርባ ሳለ።

ትንሽ ሳል ናት። ድንጋዩ አልተነሣም፣ ሚጥሚጣ አልተፈጨም፤ የግቢው አየር ንጹሕ ነው። ሕፃኑ ሳለና ጉንጩን መልሶ አያቱ ጀርባ ላይ ጣለው። አያልነሽ እጇን በአጥሩ አሳልፋ ግንባሩን ነካችው። ሞቅ ብሏል። ፈጠነች ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ እምቢ እንዳለ ነገረቻት፤ ጥርስ ሊያወጣ ይሆናል አለች፤ ቀጥላም እንደ ልማዷ የእሷን ፍርድ ጠበቀች።

«ጥርስ ነው» ማለት ቀላል ነበር። አያልነሽ አላለችም። ምርኩዟን አንሥታ ከግቢው ወጣች።

ታምራት ባጃጁን ይዞ ቆሟል፤ የቲቢውን ወሬ ሰምቷል፤ ቢሆንም በሩን ከፈተላት፤ ወባ ሆኖ ያለፈውን ምች አልረሳም። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ታምራት ይህን በጣም ስለፈራው ቀስ ብሎ ነዳ።

ዶክተር ጉልላት ብቻዋን ስትገባ ሲያያት ዓይኑ በሩን ፈለገ፤ ሔርሜላን። አያልነሽ በሩን በምርኩዟ ገፍታ ዘጋችውና ተቀመጠች። ልትናዘዝ ነው የመጣችው። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ክስ ነበር።

«ይሄ ማሽናችሁ» አለች፣ «የማን አክታ እንደሆነ አያውቅም እንዴ?»

«አልገባኝም፣ እማማ።»

«ቲቢ እንዳለበት አወቀ። የሌላ ሰው መሆኑን ግን አላወቀም። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት እንኳ የሰውን ሳል ከአጥር ማዶ እለያለሁ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ አስወጣት፤ ምራቁን፣ አጥሩን፣ ውሰቱን፣ ክኒኑን፣ ሽንት ቤቱን። አልጮኸም። ከጮኸባት ትመልስ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አታጣም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ያደረገችውን ነገራት። በእሷ ክብደት የተለካ መድኃኒት ለሌላ ሰው እንደሰጠች፤ ተጀምሮ የተቋረጠ መድኃኒት ተሕዋሲያኑን መድኃኒቱን አስለምዶ እንደሚተዋቸው፤ ሽንቱን ያቀላው ክኒኑ ራሱ እንደሆነና ምንም ጉዳት እንደሌለው፤ ይህችን አንዲት ነገር ብታውቅ ኖሮ ሴትዮዋ እንደማታቋርጥ። በሽታው በትንፋሽ እንጂ በዳጣ እንደማይተላለፍ፣ ትንፋሹ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያገኘው ጀርባዋ ላይ የታዘለውን ሕፃን እንደሆነ።

«ሕፃኑ ዛሬ መታየት አለበት» አለ። «ነገ አይደለም።»

አያልነሽ ነጠላዋን መልሳ አጣፋች።

«እኔስ ታዲያ ምኔ ነው የሚያስለኝ?»

አሁን የጠየቀው እሷን ነበር፤ ሌላ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረም ይሆናል። ያን ያልነገረችውን ክኒን ከጉያዋ አወጣች። ስሙን አነበበና ዓይኑን ጨፈነ። ኢናላፕሪል ነው አለ፤ የግፊት መድኃኒት ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ በሌላ ይቀየራል። ለማንኛውም ከፈጠነች ጋር ስለምትውል ደረቷ ራጅ ይነሣል፤ የቲቢውን ክኒን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትነካም።

«እንግዲያው ያሳለኝ ሐኪም ነው» አለች አያልነሽ፤ ከሁሉም ያጽናናት ይህ ነበር።

ሐኪሙ የጤና ኤክስቴንሽኗን ፈጠነች ቤት ልላክ አለ። አያልነሽ ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች። ያቺ ልጅ እዚያ ግቢ ከገባች ሰፈሩ ያውቃል፤ ሰፈሩ ካወቀ ክትፎ ቤቶቹ ያውቃሉ፤ በትንፋሽ ነው እንጂ በዳጣ አይደለም የሚለውን አንተ እየዞርክ ትነግራቸዋለህ ወይ አለችው። ራሷ ታመጣታለች። ሐኪሙ እስከ ዛሬ ከሰዓት ብቻ እጠብቃለሁ አለ፤ ካልመጡ ግን ሰው ይሄዳል። ስለ እርስዎ ደግሞ አለ፣ ለኤክስቴንሽኗም ለጎረቤትም ስህተት እንደነበር፣ ቲቢ እንደሌለብዎ እናስረዳለን።

አያልነሽ ይህን ስትሰማ ደረቷ ቀለል አለላት። ባጃጁ ውስጥ ሆና ማን ፊት፣ በምን ቃል እንደምታወራው ሁሉ አዘጋጀች። መጀመሪያ ፀዳለ ትሰማለች። ከዚያ ያ የተከደነ ብርጭቆ ይነሣል።

ፀዳለ ደግሞ እንደታዘዘች ሁሉ መንገዱ ዳር ቆማለች። ባጃጁን ስታይ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። አያልነሽ ታምራትን አቁም አለችው። ፀዳለ ከመንገዱ ማዶ ሆና፣ እግዜር ይማርሽ፣ ለመሆኑ መድኃኒቱ ተስማማሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምታስፈልገው። «እኔ አይደለሁም።» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን «ታዲያ ማን ነው?» ነው፤ ፀዳለን ያወቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መልሱም አጥሩን ተሻግሮ ዳጣው ላይ ያርፋል።

«ተስማምቶኛል» አለች አያልነሽ። «ባይሆን አንቺ አትጠጊኝ።»

ታምራት ወደ ፊቱ ነዳ።

ፈጠነች ግቢዋ ውስጥ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣለች። ዛሬ አልፈጨችም። በእምነትን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች፤ ሲስል እጇን ደረቱ ላይ ታደርጋለች፣ ሲያበቃ ታነሣለች። አያልነሽ በአጥሩ አላወራቻትም፤ በበሩ ዞራ ገባች። አክታው ለምን እንደተፈለገ ነገረቻት። ምን እንደተገኘበት ነገረቻት። የሽንቱን ነገርም፣ ክኒኑ ያቀላው እንጂ ደም እንዳልሆነ።

ፈጠነች ሕፃኑን አየች።

«የበርበሬ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እትዬ» አለች። አንቺ ብላት አታውቅም።

የበርበሬው ሳል ወደ ቲቢ ተለወጠ ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ጠፍቷት አያውቅም።

«ተሳሳትኩ» አለች አያልነሽ። ቃሉ ሲወጣ ከሳሉ ይልቅ አመማት።

ፈጠነች አለቀሰች። አልሄድም አለች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያየኝ ሁሉ ለክትፎ ቤቶቹ ያወራል፤ ድንጋዬን ሸጬ አረካ ልጄ ላይ ልወድቅ ነው፤ ይህን ሕፃን ምን ላበላው ነው። ለአያልነሽ ምን ቸገራት፣ ግቢ አላት፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ አላት። አያልነሽ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀቻት፤ ሰው እስኪጨርስ ጠብቃ አታውቅም። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንቀልባውን ከመሬት አነሣችው፣ አቧራውን አራገፈችና ዘረጋችላት።

«ሰፈሩ ቲቢዋ አያልነሽ ናት ብሎ ጨርሷል» አለቻት። «ይበል፤ ሐኪሙም ለማንም እንዳያስረዳ እነግረዋለሁ። ስድስት ወር ቢሉኝ ስድስት ወር እሰማቸዋለሁ፤ አንቺ እኔን ልታስታምሚ፣ ልትደግፊኝ ነው የምትመላለሺው፤ ለጠየቀሽ ሁሉ እንዲህ ትያለሽ። ስሙን እኔ እሸከምልሻለሁ፤ ክኒኑን ግን አልውጥልሽም፣ ሕፃኑም ስለ እኔ ኩራት አይሞትም። ተነሺ። እዘዪውና ከፊቴ ቅደሚ።»